በታርጋ ቁጥር የተፋቀው ኮምፒዩተር

ባሌ ሌባ ይፈራ ነበር። እኔ ደግሞ ከሌባ በስተቀር ሁሉንም እፈራለሁ። ልጄ ሲያስል እፈራለሁ፤ ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ ሳያነሳ ሲቀር እፈራለሁ፤ ቤት ውስጥ ሳቅ ሲበዛ እንኳ "ደግሞ ምን ሊመጣ ነው?" እያልኩ እፈራለሁ። ሌላ ልጅ የለኝም። አባቱ ደግሞ ሲሞት ለዚሁ ልጅ ያቺን መኪና ትቶለት ሄደ።

መኪናዋ ባለ ሁለት በር፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ ጃፓን ሠራሽ የስፖርት መኪና ናት። ዕድሜዋ ከልጄ ይበልጣል። ባሌ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ሰው ላይ የገዛት አያት የሚባለው ሰፈር ገና ሜዳ በነበረበት ጊዜ ነው፤ እኔንም መንዳት ያስተማረኝ እዚያው ሜዳ ላይ፣ በሷው፣ እየጮኸብኝ ነው። የኋላ መቀመጫ የላትም። ለመግባት መጎንበስ፣ ለመውጣት ደግሞ ሰው መጥራት ነው። "ይቺ ሁለተኛ ሚስቴ ናት" ሲለኝ "እንግዲያው ምሳህን እሷ ትሥራልህ" እለው ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ አትላስ አካባቢ ማኪያቶ ሊጠጣ ቁጭ ብሎ ሲመለስ ሁለቱም ስፖኪዮ ተነቅለዋል። ሸገር ላይ ስፖኪዮ ያልተሰረቀበት ሰው ካለ መኪና የሌለው ነው። እንደ ሰው ሁሉ አዲስ ገዛና መንገድ ዳር ማሽን ይዘው የታርጋ ቁጥር ከሚጽፉት አንዱ ጋ ወስዶ አስፈለፈለው። ሌላው ሰው መስታወቱንና መብራቱን አስጽፎ ይሄዳል። የኔ ሰው መቼ ልኩን ያውቃል! ቴፑ ላይ አስጻፈ፣ ባትሪው ላይ አስጻፈ፣ ክሪኩ ላይ አስጻፈ። ጋራዥ ስትገባም ዕቃዋን በሌላ እንዳይለውጡበት ዱካ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቃት ይውል ነበር። ለነገሩ ይሄ የሱ ብቻ አይደለም፤ እዚህ አገር መኪናውን ጋራዥ ጥሎ ቢሮ የሚገባ ሰው ልቡ ሙሉ ነው።

መጨረሻ ላይ የሞተሩን ኮምፒዩተርም አስጻፈበት። ኮምፒዩተር ስል እንደ ቢሮው እንዳይመስላችሁ፤ ከተሳፋሪው እግር ሥር፣ ምንጣፉ ስር የተቀመጠች የአልሙኒየም ሣጥን ናት። ነዳጁን የምትመጥነው፣ እሳቱን የምትሰጠው እሷ ናት አሉ። ክዳኗ ላይ ስለ ማንነቷ የሚናገር ቁጥር ያለበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ባሌ ታርጋው በደንብ እንዲነበብለት ያንን ወረቀት አስልጦ፣ ሥሩንም አስፍቆ፣ በላዩ ላይ በትልልቁ አስጻፈበት። አሳየኝ። "አሁን ማን ይነካታል?" አለኝ። እኔም አጨበጨብኩለት።

ከዚያ ዓመታት አለፉ፤ ሕመም መጣና ወሰደው። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ከረመች። ልጄ ሊያገባ ሲል ነው ሸራውን የገፈፈው። "አባዬ ሙሽራዬን በሷ እንድወስድ ቃል አስገብቶኛል" አለኝ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ እንዲህ ያለ ቃል ያስገባል? ያስገባል፣ የኔ ሰው ከሆነ።

ሞተሯ መንገድ ላይ የጠፋብን ቀን እኔም አብሬው ነበርኩ። አትላስ ያለውን የሠርግ አዳራሽ አይተን ወደ መገናኛ ስንመለስ፣ መኪና እንደ ጎርፍ በሚወርድበት ሰዓት፣ ሞተሩ እየሄደ ድንገት ዝም አለ። ጎማው ይሽከረከራል፣ ድምፅ ግን የለም። ልጄ መሪውን በሁለት እጁ ሲታገል አየሁት። ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ፍሬኑን ረግጦ ተንሻፎ አለፈን፤ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ምን እንዳለን አልደግመውም። ዳር ቆመን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሳች። ልጄ ሳቀ። እኔ ግን ቤት እስክንገባ ስለት ስሳል ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲያ ሠርጉን ሳስብ የሚታየኝ ሙሽራዋ አይደለችም። የሚታየኝ አጀቡ ነው። የኛን አገር አጀብ ታውቁታላችሁ፤ ከፊት ቪዲዮ አንሺው የመኪና የኋላ ኮፈን ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ወደ ኋላ ይቀርጻል፣ ከኋላ የሚዜው፣ የአክስቱ፣ የጎረቤቱ መኪና ክላክስ እያንባረቀ ተጣብቆ ይነዳል። በመሐል እነሱ። በመሐል ያቺ ዝቅ ያለች መኪና፣ ሞተሯ ጠፍቶ፣ ፍሬኗ ደርቆ። ሽሮ እያማሰልኩ ይታየኛል። ጸሎት ቆሜ ይታየኛል። "ልጄ፣ የኔ ጌታ፣ ይቅርብህ" ብዬ ለመንኩት፤ አለቀስኩ፤ ተቆጣሁ። "ትሠራለች እማዬ" ነው መልሱ።

ይሁን አልኩ። የማትቀር ከሆነ ትሠራ። እሱን ከሥራ ስለማይለቁት መኪናዋን ይዤ ጋራዥ የዋልኩት እኔ ነኝ፤ ጡረታ ምን ይሠራል? ከመገናኛ ጀርባ ያለ ጋራዥ ነው። ኤሌትሪሺያኑ አርባ ዓመት ግድም የሚሆነው፣ አፉ የማያርፍ አራዳ ነው። ምንጣፉን ገልጦ ሣጥኗን አወጣና ከፈታት። ውስጧ ያሉ ትንንሽ ጣሳ የሚመስሉ ነገሮች ፈሰው ሰሌዳውን በልተውታል።

"አልቃለች ማዘር" አለኝ። "ስትሞቅ የምትጠፋው ለዚህ ነው። ሌላ እንፈልጋለን። ግን የትኛዋ ናት?"

"እንዴት የትኛዋ?"

ነገሩን አስረዳኝ። ፋብሪካው ለዚህች መኪና ሁለት ዓይነት ኮምፒዩተር ሠርቷል፤ መጀመሪያ ያወጣው አለ፣ ኋላ ላይ ቀይሮ ያወጣው አለ። ሣጥኑ አንድ ነው፣ ሶኬቱ አንድ ነው፣ የሚለያቸው ክዳኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያ ክዳኑን ገለበጠ። የባሌ የታርጋ ቁጥር በትልልቁ አፈጠጠበት። ኤሌትሪሺያኑ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ሳቁ አላስቆመው ብሎ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

"ማዘር ሙች፣ ሰውዬው እኮ ከሌባ ብቻ አይደለም፣ ከኛም ነው የደበቋት!"

"ሙት አትውቀስ" አልኩት።

ሰሌዳው ላይም ቁጥር ነበረ፤ እሱን የፈሰሰው ነገር በልቶታል። ሊብሬው ላይ ያለውን ዓመት አየን። በዓመቱ ከሄድን የመጀመሪያው ዓይነት ነው መሆን ያለበት። ግን ባሌ ከዓመታት በፊት ሞተሯን ከነሽቦው ከዱባይ በመጣ ሞተር አስቀይሯል፤ ያ ሞተር የየትኛው ጊዜ እንደሆነ ደግሞ የሚያውቀው አፈር ገብቷል። ኤሌትሪሺያኑ ሁለት ቀን መርካቶ ሲዞር ከርሞ ሁለቱንም ዓይነት፣ ያገለገሉ፣ ይዞ መጣ። ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። መንታ ናቸው።

"የተሳሳተውን ብንገጥምስ?"

"ችግሩ እሱ ነው፤ ትነሳለች። በደንብ ትነሳለች። ቀዝቃዛ ላይ ሁለቱም መልአክ ናቸው። የሞተሩን ሙቀት የሚያነቡበት መንገድ ነው የሚለያየው። ሲሞቅ፣ በደንብ ሲሞቅ፣ የተሳሳተው ሙቀቱን እንደ ቅዝቃዜ ያነብና ነዳጅ ያጥለቀልቅባታል። እዚያ ነው ጠባይዋ የሚወጣው።"

"የት ነው እዚያ?"

"መንገድ ላይ ነዋ።"

እሁድ ነው ሠርጉ፤ ያ ቀን ሐሙስ ነው። በሊብሬው ዓመት መሠረት የመጀመሪያውን ገጠመ። ቁልፉ ሲዞር አንዴ ብቻ ጎርነን ብላ ተነሳች፤ እንዲህ ተነስታ አታውቅም። ጋራዥ ያሉት ሁሉ "አቦ!" አሉ። እኔ ግን "ቀዝቃዛ ላይ ሁለቱም መልአክ ናቸው" ያለኝ ነው ትዝ ያለኝ። በጋራዡ ሥርዓት መኪና ሲሞከር ባለቤቱ እየነዳ ኤሌትሪሺያኑ ጎኑ ተቀምጦ ያዳምጣል። ኤሌትሪሺያኑ ሲደውልለት ልጄ ከሥራ ስወጣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቼ እሞክራታለሁ አለ። "ከሲኤምሲ በላይ ትንሽ ለቀቅ አድርጌ ነው የማያት" ሲል ከስልኩ ውስጥ ሰማሁት።

ለቀቅ አድርጌ! እኔ ልጄን አውቀዋለሁ። ባዶ መንገድ ካገኘ እግሩ ከአባቱ ነው የመጣው።

"ቁልፉን ስጠኝ" አልኩት ኤሌትሪሺያኑን።

"ልጅዎ ይምጣ እንጂ ማዘር..."

"ባለቤቱ ይንዳ አይደል የምትሉት? መኪናዋ በባሌ ስም ናት፤ ሚስቱ እኔ ነኝ። ካልፈራህ ግባ።"

ፈርቷል፤ ግን አራዳ ሆኖ ፈራሁ አይባልም። ገባ። መቀመጫውን ወደ ፊት ጎተትኩና አማተብኩ። እውነቱን ልናገር፣ ጀግንነት አልነበረም። ልጄ ሲሞክራት ቤት ተቀምጬ ስልክ ከምጠብቅ እኔው ብሞክራት ይቀለኛል ብዬ ነው። ፈሪ ሰው ከሁለት ፍርሃት የሚቀለውን ይመርጣል።

ከመገናኛ ወደ አያት ስንወጣ ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት። ኤሌትሪሺያኑ ጆሮውን ወደ ዳሽቦርዱ አዘንብሎ "ጎበዝ... ጎበዝ..." ይላል፤ ለሞተሩ ይሁን ለኔ አልገባኝም። ባቡሩ በጎናችን አለፈን። የሙቀቱ ቀስት ከታች ተነስቶ ወደ መሐል መጣ። በየመብራቱ ስንቆም ልቤ ይቆማል፤ ሞተሩ ግን አልቆመም። አያት ደርሰን ዞርን። ኤሌትሪሺያኑ መቀመጫው ላይ ዘና አለ፤ "ይቺው ናት ማዘር፣ ተገላገልን" ብሎ ስለ ሠርጉ ይጠይቀኝ ጀመር። ምን ዓይነት ክትፎ እንደታዘዘ ስነግረው ነበር።

ሲኤምሲን አልፈን ወደ ጉርድ ሾላ ስንቃረብ መንገዱ ተከፈተ። ሞተሩ አንዴ እንደ ማስነጠስ አለ። ከዚያ ዝም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ሁሉ ቦግ አለ። መሪው ድንጋይ ሆነብኝ። ፍሬን ስረግጥ አንዴ ያዘልኝ፣ ሁለተኛው ላይ እግሬን መልሶ ገፋው። በስፖኪዮው ስመለከት መስታወቱን የሞላው የገልባጭ መኪና ግንባር ነው። ክላክሱ ጀርባዬ ውስጥ ገባ።

"በስመ አብ! ወደ ቀኝ ማዘር! ወደ ቀኝ!"

በሁለት እጄ፣ በትከሻዬ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ መሪውን ጎተትኩት። ሞት እንዲህ ነው የሚመጣው አልኩ በልቤ፤ ስለ ክትፎ እያወሩ። መኪናዋ ጠርዙን ዘልላ አዲሱ የብስክሌት መንገድ ላይ ወጣችና ቆመች። ገልባጩ ከአጠገባችን ሲያልፍ ነፋሱ ከነመቀመጫችን ወዘወዘን። አሸዋ መስታወቱ ላይ ተበተነ። ኤሌትሪሺያኑ ዓይኑን ጨፍኖ የበሩን እጀታ እንደያዘ ነው።

ከዚያ ከሆዴ ውስጥ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ወጣ። "እሰይ!" አልኩ። "እሰይ! ተመስገን! ጠፋች!"

ዓይኑን ገለጠ። "ማዘር፣ አበዱ እንዴ?"

"በኔ ጠፋቻ! በልጄ አይደለም፣ በኔ ነው የጠፋችው! ይቺ አይደለችም ማለት ነው፤ ሌላዋ ናት!" እስቃለሁ፣ እንባዬ ግን አንገቴ ድረስ ይወርዳል። አንድ ብስክሌት የያዘ ሰው ወርዶ፣ እየገፋ፣ በግርምት እያየን አለፈ።

ኤሌትሪሺያኑ ከመኪናዋ ወርዶ ለልጄ ደወለ። ከዚያ ስልኩን እያየ ተሳደበ፤ ኔትወርክ ተቋርጦበት ነው። ደጋግሞ ሞከረ፣ አልገባ አለው። እኔም ሞከርኩ። ተውነውና ቁጭ ብለን ጠበቅን። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ልጄ በኮንትራት ታክሲ መጣ። ታክሲው ሳይቆም በሩን ከፍቶ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል። መጀመሪያ ራሴን፣ ከዚያ እጄን፣ ከዚያ እግሬን ተመለከተ፤ ሕፃን ሲወድቅ እናት እንደምታየው። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸም። ጠርዙ ላይ ቁጭ አለና ጭንቅላቱን ጉልበቱ መሐል ከተተ።

"ምን ሆንክ? ምንም አልሆንኩም እኮ፣ ይኸው" አልኩት።

"'እናትህ መንገድ ላይ' አለኝ" አለ፣ ራሱን ሳያነሳ። "ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። መኪና የሚሞክሩት በዚህ መንገድ ነው ብዬ ከቦሌ እዚህ ድረስ ስመጣ የማውቀው እሱን ብቻ ነው። እናትህ መንገድ ላይ።"

ኤሌትሪሺያኑ ስልኩን ኪሱ ከተተና ራቅ ብሎ ቆመ።

"ለዘመድ ልደውል ብዬ ስልኬን ስከፍት የማንን ስም እንደምፈልግ ጠፋኝ" አለ ልጄ። አሁን ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል። "አባዬን ስንቀብር የያዝሽኝ አንቺ ነሽ፣ እማዬ። አንቺን ስቀብር ማን ነው የሚይዘኝ?"

ይሄን ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። ገልባጩ ሲመጣ ያሰብኩት "እንኳን እሱ አልሆነ" ብቻ ነበር፤ እኔ ብሄድ ምን ይጎዳል ብዬ ነው መሪውን የያዝኩት። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ሲባል ለእናት ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱም ያለው አንድ ነው። አጠገቡ ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩና ትከሻውን ያዝኩ።

"መኪናዋ ትቅር" አለ። "በኪራይ መኪና እንሄዳለን።"

ይሄን ቃል ለመስማት ስንት ተስያለሁ! አሁን ሲመጣ ግን አፌ አልቀበል አለ። እሱ የሚያስቀራት ለኔ ብሎ ነው፤ የአባቱ ቃል ዕድሜውን ሙሉ ሊቆረቁረው ነው። "ሌላዋን እንሞክራትና አብረን እንወስን" አልኩት። ሱሪውን አራግፎ ተነሳና "አብረን ከሆነ" አለ።

ዓርብ ጠዋት ሁለተኛዋ ሣጥን ተገጠመች። ልጄ ነዳ፣ እኔ ጎኑ ተቀመጥኩ፤ ኤሌትሪሺያኑ ቦታ የለም ብሎ ደስ እያለው ጋራዥ ቀረ። አያት ሄድን፣ ተመለስን፤ ደግመን ሄድን፣ ተመለስን። ቀስቱ መሐል ላይ ቆሞ አልነቃነቅም አለ። ብስክሌት መንገዱ ላይ የወጣሁበት ቦታ ስንደርስ ማርሹ ላይ ያለውን እጁን ስይዘው በላብ ርሷል። ሞተሩ አልጠፋም። ጋራዥ ስንደርስ ኤሌትሪሺያኑ "እንዴት ናት?" ሲለን እርስ በርስ ተያየንና "እሁድ ሙሽራዋን ትወስዳለች" አልነው።

እሁድ ሙሽራዋ ከናቷ ቤት በእልልታ ወጣች። ቪዲዮ አንሺው የፊተኛው መኪና ኮፈን ላይ ወጥቶ ተቀምጧል፤ ከኋላ መኪናው ሁሉ ክላክሱን ለቆታል። ልጄ መሪው ላይ ነው። ያቺ መኪና ከሱ ሌላ የምትይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እኔ በነበርኩበት መቀመጫ ላይ ሙሽራዋን አስቀመጥኳት። የቀሚሷን ጫፍ በሩ እንዳይዘው ጎንበስ ብዬ ሰበሰብኩላት። ያኔ የእጄን አንጓ ያዘችኝ። ጓንት አድርጋለች፣ የጣቶቿ ቅዝቃዜ ግን በጓንቱ ውስጥ ተሰማኝ።

"እማማ፣ መንገድ ላይ ያገኘዎትን ነግሮኛል" አለችኝ፣ እሱ እንዳይሰማ በጆሮዬ። "ትጠፋ ይሆን?"

"አትጠፋም፣ ልጄ። ሞክረናታል" አልኳት፣ እንደዚያ ቀን እርግጠኛ ሆኜ እንደማላውቅ አስመስዬ።

ፈገግ አለች፤ ለካሜራው ነው። እጄን ግን አለቀቀችም፤ በሩ ከተዘጋም በኋላ በመስኮቱ፣ መኪናዋ እስክትንቀሳቀስ፣ ሳትለቀኝ ቆየች። ጭንቀቷ አንጓዬ ላይ ሲቀር፣ ሠርጉ ከተቆረጠ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልጄን የምፈራለት ብቻዬን እንዳልሆንኩ አወቅኩ።